ጋሽ ሙሜ ለድግስ ያመጣው ንፍሮ

ማክሰኞ ዕለት ትራም ውስጥ ቆሜ ስልኬን ሳይ ሁለት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያው ከስፖርት መምህራችን ነው፤ የግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ በእኛ ሜዳ እንዲሆን ተወስኗል ይላል። በእኛ ሜዳ። ሰፈራችን ሜድስቶን፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ፣ አንዱ ጎል ከሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ የተተከለበት ሜዳ ላይ። ሁለተኛው ከቤቲ ነው፤ ማሊያዋን አልጋዋ ላይ ዘርግታ ፎቶ አንስታ ልካለች። የእኛን ማሊያ። ጮህኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ፤ ግድ አልሰጠኝም። ማሪቢርኖንግ፣ የገበያ ማዕከሉ ጋ መውረድ ሲገባኝ አልፌ ሄጄ ወረድኩና እየሮጥኩ ተመለስኩ፤ ሩጫው ራሱ ደስ አለኝ።

ከዚያ ትምህርት ቤታችን ፊት ያለው መሻገሪያ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ብርቱካናማዎቹ ባንዲራዎች በቦታቸው አሉ። ቁሙ የሚለውን ክብ ምልክት የያዘች አዲስ ሠራተኛ ፈገግ ብላ አሻገረችኝ። ጋሽ ሙሜ ፈገግ ብሎ ማንንም አሻግሮ አያውቅም። ይሄን ዜና አሁን ለማን ነው የምነግረው ብዬ ተናደድኩ። እስካሁን እንደተናደድኩ ነኝ። ደስታውና ንዴቱ አንድ ላይ ነው የመጡብኝ፤ ስለዚህ አንድ ላይ ልጽፋቸው ነው።

ጋሽ ሙሜ የድሬዳዋ ሰው ነበር። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ኳስ ሜዳ ላይ ነው ይል ነበር፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም አማርኛው ውስጥ ቁጣ የሚበዛው። ጠዋትና ከሰዓት ተማሪ መንገድ ያሻግራል። ከሥራ በኋላ ደግሞ ያንን የሚያንጸባርቅ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ወደ ሜዳ መጥቶ የሴቶቹን ቡድን ያሠለጥናል። ማንም አልቀጠረውም። መምህራችን ስለ እግር ኳስ ብዙም አታውቅም፤ እግር ኳስ ስል የዚህ አገር ሰዎች በእጅም ይዘው የሚጫወቱትን ፉቲ ማለቴ አይደለም፤ እናም አንድ ቀን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ሲጮህብን ሰምታ፣ ከሚጮኹ ለምን አይገቡም አለችው። ገባ። ጩኸቱ ግን አልቆመም።

እሱ እያልኩ የምጽፈው ንቄው አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ሜዳው ዳር ቆማ አንተ ስለው ሰማችኝና በዓይኗ ቀቀለችኝ። ቤት ስንገባ፣ አባትሽን የሚያህል ሰው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ያውም ስላንቺ የሚደክም ሰው እያለች እስከ እራት ድረስ ቆየች። በማግስቱ አንቱ አልኩት። ፊሽካውን ነፋብኝ። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ አንቱ ካልሽኝ ኳስ ልታቀብይኝ ፈርተሻል ማለት ነው አለኝ። ለእናቴ ስል ጋሽ የምትለዋን ያዝኩ፤ ለእሱ ስል አንተን። ሁለቱም አኮረፉ፤ ከዚያ ለመዱት።

ተጫዋች የሚመርጠው መሻገሪያው ላይ ቆሞ ነው። ትራም ሊያመልጣቸው ሲል የሚሮጡትን ያያል። እኔን ያገኘኝ እንደዚያ ነው፤ ቦርሳዬ ተከፍቶ መጽሐፌ እየተንጠባጠበ ትራሙን ሳሳድድ ቆይቼ በሩ አፍንጫዬ ላይ ተዘጋ። ጋሽ ሙሜ ምልክቱን እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ "አመለጠሽ። ግን በሩ እስኪዘጋ ድረስ አላቆምሽም። ተከላካይ ነሽ" አለኝ። ያኔ ኳስ ነክቼ አላውቅም። ቤቲን ያገኛትም በዚያው ሰሞን ነው፤ ልዩነቱ ቤቲ ትራም አምልጧት አያውቅም። በተሰበሰበው ተማሪ መሀል ተጠማዝዛ ማንንም ሳትነካ ነው የምትደርስበት። የግራ ክንፍ ናት አለ ያኔውኑ፤ ስሟን እንኳን ሳይጠይቅ።

በብዙ ነገር ነው የሚናደደው። ሜዳ ዳር ቆመው ስለ ሰው ቤት ዋጋ በሚያወሩ ወላጆች ይናደዳል። ጎል ሲገባብን ይቅርታ ብለን አንገት ስንደፋ ይናደዳል። ከሁሉም በላይ ግን አንዲት አባባል አለች፤ ጨዋታ ስናሸንፍ የተጋጣሚ አሠልጣኞች እጃችንን እየጨበጡ የሚሏት፦ ለዚህ ሰፈር ልጆች በጣም ጎበዞች ናችሁ። መልካም ነገር ያሉ ነው የሚመስላቸው። አንዱን ተከትሎት እስከ መኪናው ሄደና በራሱ እንግሊዝኛ፣ ሰፈሩ ምን ሆነ፣ ሰፈሩ እግር የለውም ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው መስኮቱን ዘጋ።

እኛም ተናደድን። እኔ ከመናደዴ በፊት ግን እውነት መስሎኝ ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ሜዳችን ጉድጓድ አለው እያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሊመጡ አይፈልጉም ነበር፤ በእኛ ሜዳ መሆን የነበረባቸው ጨዋታዎች ሁሉ ወደ እነሱ ይዛወሩና እኛው ባስ ተሳፍረን እንሄዳለን። ጋሽ ሙሜ የአፈር ጋሪ ከየት እንዳመጣ አላውቅም፤ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን አፈር ገፍተን አንድ ጉድጓድ እንሞላለን። ዝናብ ሲመጣ ይጎደጉዳል፤ እንደገና እንሞላለን። ጉድጓዱን ለማን ነው የምንሞላው፣ የሚመጣ የለም አልነው አንድ ቀን። እናንተስ ሰው አይደላችሁም ወይ አለን።

ከወንዙ ማዶ ያለ ትልቅ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን አልጽፈውም፤ ጋሽ ሙሜም አይጠራውም ነበር፤ "ባሱ" ነው የሚለው። ምክንያቱም በየጠዋቱ ጥቁር ሰማያዊ ባሳቸው ወደኛ ሰፈር መጥቶ፣ በእሱ መሻገሪያ በኩል አልፎ፣ ብሌዘር የሚባለውን የትምህርት ቤቱን ኮት የለበሱ የእኛን ሰፈር ልጆች ጭኖ ይመለሳል። ብዙዎቹ ከፍለው የሚማሩ ናቸው፤ በእነሱ ማንም ቅር አይለውም። ግን በየዓመቱ በቡድናችን ብዙ ጎል ያገባችው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ባስ ውስጥ ናት። ሩጫ የምትችለው ባሱ ውስጥ ናት። ቁመቷ የሚያምረው በረኛችን ባሱ ውስጥ ናት። ከዚያ ያው ትምህርት ቤት በእኛው ልጆች ይገጥመንና ያሸንፈናል፤ አሠልጣኙም እጃችንን ጨብጦ ለዚህ ሰፈር ልጆች ይለናል። እና እኛ ማጨብጨብ አለብን። ትምህርት ቤታችን የባስ ማቆሚያ ነው ወይ?

ለምን እንደዚህ እንደሚያቃጥለው የነገረን አፈር ስንገፋ ነው። ልጅ ሆኖ ድሬ ላይ የሰፈር ቡድን ነበራቸው። አሸዋ ላይ ነው የሚጫወቱት፤ ሙቀቱ ስለሚያቃጥል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል። ከአዲስ አበባ ባቡር ሲመጣ ኮት የለበሱ ሰዎች ይወርዱና አሸዋው ዳር ይቆማሉ። ልጆቹ የእነሱን ኮት ሲያዩ ኳስ ማቀበል ያቆማሉ፤ ሁሉም ለብቻው መታየት ይፈልጋል። ከዚያ ባቡሩ ሲመለስ አንዱ ይሄዳል። በሚቀጥለው ሌላው ይሄዳል። እሱ እንደሚለው ባቡሩ ሲያፏጭ እናቶች እልል ይላሉ፤ እሱ ግን ባቡሩ ላይ ድንጋይ ይወረውር ነበር። መትተህ ታውቃለህ ወይ ስንለው፣ አንድ ቀን የጫት ነጋዴ ቆብ አውልቄያለሁ አለ። ቀልድ ሲናገር እንኳን ግንባሩ አይፈታም።

ቤቲ ከዚያ ከባሱ ትምህርት ቤት ስኮላርሺፕ ያገኘችው እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የዞናችንን ዋንጫ ባነሳን ዓመት ነው። እናቷ እትዬ ብርቄ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ሺፍታቸው አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይይዛሉ። ቤቲን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ዜናውን የሰሙ ቀን ሥራ ቦታቸው ኮሪደር ላይ ተንበርክከው መሬት ስመው ተነሱ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በእሳቸው ላይ የሚፈርድ ሰው ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ግን ድግስ ደገሱ፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። እኛ አበሾች ልጅ ሌላ ቦታ ስትፈለግ ድንኳን እንጥላለን፤ እዚሁ ሆና ዋንጫ ስታነሳ ግን ጎበዝ፣ ትምህርትሽንም እንዳትረሺ ብለን እናልፋለን። ዋንጫውን ያነሳን ዕለት ማን መጣ? የእኔ እናት ብቻ፤ የቤቲ እናት እንኳን አልነበሩም፣ ሺፍት ነበራቸው፤ ሌላ ማንም። ለስኮላርሺፑ ግን ከዳንደኖንግ ድረስ በመኪና የመጣ ሰው ነበር።

እትዬ ብርቄ ጋሽ ሙሜን በክብር ነው የጠሩት። ሙስሊም ስለሆነ ለእሱና ለባለቤቱ ለእትዬ ፈቲያ ብለው ከሐላል ሥጋ ቤት ሥጋ ገዝተው፣ ባልተነካ አዲስ ድስት ለብቻው ሠርተው፣ በልዩ ሳሕን ጠበቁት። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ቤቲ ብሌዘሩን ለብሳ መሀል ቆማለች፤ እጅጌው ትንሽ ይረዝማታል። እኔ ከቡድኑ ልጆች ጋር ጥግ ይዤ ነበር።

ጋሽ ሙሜ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፎ ገባ። ስጦታ መስሏቸው ሰዎች መንገድ ለቀቁለት። ድስቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከኬኩ አጠገብ አስቀመጠና ጨርቁን ፈታ። ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ የተቀቀለ። ንፍሮ።

የሚያውቅ ያውቃል። ለቅሶ ቤት የሚወሰድ ነገር ነው። የቤቱ ጫጫታ ቀስ በቀስ ጠፋ። አንድ አጎት ቀልድ መስሏቸው ሳቁና ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያዩ ወደ ሳል ቀየሩት። ጋሽ ሙሜ ሄዶ ግድግዳ ጥግ ያለ ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ፤ ልክ ሐዘን እንደሚደርስ ሰው። የተዘጋጀለት ሳሕን መጣለት፤ አልነካውም።

እትዬ ብርቄ ፊቱ መጥተው ቆሙ። ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማ ብለው ነው የተናገሩት፤ ግን ቤቱ ዝም ስላለ ሁላችንም ሰማን።

"አቶ ሙሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ለእናንተ ለቅሶ ምን ይወሰዳል ብዬ ጠየቅኩ። ንፍሮ ነው አሉኝ። ራሴ ነኝ የቀቀልኩት።"

"በልጄ ደስታ ቀን ነው እርስዎ ለቅሶ የሚሉት?"

"ልጅሽ ትሂድ፣ ትማር፣ ትደግ፣ አቦ። እኔ የቀበርኩት ቡድኑን ነው። አንድ ሰው እንኳን አብሮኝ እንዲያለቅስ ብዬ መጣሁ።"

እትዬ ብርቄ ወገባቸውን አቀኑ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቀዝቅዞ ነበር። "ገባኝ። እርስዎን በልጅነትዎ ማንም ስላልወሰደዎት ነው እንዲህ የሚያንገበግብዎት።"

ይሄ የሰፈር ወሬ ነበር፤ ከድሬ የመጣ አንድ ሰው አንዴ አውርቶታል። ከመላው ቡድን ማንም ያልፈለገው እሱን ብቻ ነበር ይባላል። እኛ ከእሱ አፍ ሰምተን አናውቅም። ጋሽ ሙሜ ቀና ብሎ አያቸው። ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ።

"ልክ ነሽ። ማንም አልወሰደኝም። ስለዚህ ሁሉም ሲሄድ ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ" አለ።

ተነሥቶ ወጣ። እትዬ ፈቲያ አፍረው እየተንተባተቡ ይቅርታ ጠይቀው ተከተሉት። ድስቱ ግን ኬኩ አጠገብ ቀረ። ንፍሮውን ማንም አልነካውም፤ እኔ ብቻ አንድ ፍሬ ሽምብራ ሰርቄ ቀምሻለሁ። ጥሬ ነበር። ጥርሴን አመመኝ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ወረደ። ምቀኛ ተባለ። አእምሮው ተነክቷል ተባለ። ሃይማኖቱንም፣ አነጋገሩንም ያነሡ ነበሩ፤ ማን እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ልጆቻቸው ከእኔ ጋር ነው የሚማሩት። እናቴ ወደ ልምምድ እንዳልሄድ ለጥቂት ጊዜ ከለከለችኝ። አንድ ሰው ግን፣ አንድ ሰው እንኳን፣ ሰውየው ያለው ነገር እውነት ነው ወይ ውሸት ብሎ አልጠየቀም። ድፍረቱን ነው ያወሩት፤ ባሱን ማንም አላነሳም። ይሄን ስጽፍ እንኳን እጄ ይሞቃል።

ቤቲ ከሄደች በኋላ ጋሽ ሙሜ ልምምዱ ላይ አንድ እብደት ጀመረ። የግራ ክንፉን ቦታ ባዶ ተወው። ጨዋታ ሲሆን አንዷን ያሰልፋል፤ ልምምድ ላይ ግን እዚያ መስመር ላይ ማንም እንዳይቆም፣ ኳሱ ግን ወደዚያ እንዲሄድ ያዘናል። እንመታለን፤ ኳሱ ባዶውን ሣር አቋርጦ አጥሩን ይመታል። ጓ። አንዷ ሮጣ ታመጣዋለች። እንደገና። ጓ። ልጆቹ አጉረመረሙ። እኔም ሰለቸኝና ጋሽ ሙሜ፣ ለአጥሩ ነው የምናቀብለው አልኩት።

"ቦታዋን ከረሳችሁት ስትመጣ ኳስ አታገኝም" አለኝ። "ኳስ ካላገኘች ደግሞ ተመልሳ ትሄዳለች።"

እንደማትመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከስኮላርሺፕ የሚመለስ ማን አለ? በዚያ ላይ ለቤቲ አንድ ቀን እንኳን አልደወለላትም፣ መልእክት አልላከላትም፤ ነይ አላላትም። ኳሱን ብቻ አጥር ያስመታል።

አንድ ጠዋት መሻገሪያው ጋ ስደርስ ባሱ ቆሟል። ከኋላው መኪናው ተሰልፏል፤ ጥሩምባው ሰፈሩን አደንቁሮታል። የሚሻገር ተማሪ የለም፤ ሁሉም ተሻግሯል። ጋሽ ሙሜ መንገዱ መሀል ምልክቱን ከፍ አድርጎ ባሱ ፊት ቆሟል። ሹፌሩ በመስኮት ራሱን አውጥቶ ይሰድባል። በጎን በኩል አንደኛው መስኮት ጋ ቤቲ አለች፤ ክራንች አጠገቧ ተደግፏል። ቁርጭምጭሚቷ እንደተጎዳ በስልክ ነግራኝ ነበር፤ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን ከተጠባባቂ ወንበር እንደማትነሣ አልነገረችኝም። ያንን ያወቅኩት እዚያው ነው።

ጋሽ ሙሜ ምልክቱን ሳያወርድ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። እጁን አንሥቶ መስታወቱን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ቤቲ ከፈተችው።

"ያጫውቱሻል?" አላት።

ቤቲ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ነቀነቀች፣ በጣም ትንሽ፣ እናቷ ከሩቅ የሚያዩዋት ይመስል። ጋሽ ሙሜ ምልክቱን አወረደ። ባሱ ሄደ። እሱ እዚያው መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ፤ አጠገቡ ስደርስ እንኳን ባሱ የሄደበትን ያይ ነበር። የዚያን ዕለት ቁጣው ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ለካ ከቡድኑ ይልቅ የሚያንገበግበው ይሄ ነበር፤ እኛ ለአጥር እያቀበልን እንኳን ቦታዋን ስንጠብቅላት፣ የወሰዷት ሰዎች ማንን እንደወሰዱ አለማወቃቸው።

ከሹፌሩ አቤቱታ ቀረበበት፤ ቀጣሪው የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ጠርቶ አስጠነቀቀው። ዳግመኛ ያለ ምክንያት ተሽከርካሪ እንዳያስቆም አሉት። ምክንያት ነበረኝ፣ ተማሪ ባሱ ውስጥ ነበረች አልኳቸው ብሎ ነገረን። አልገባቸውም አለ።

ጋሽ ሙሜ በክረምቱ ሞተ። ልቡ ነው። መሻገሪያው ላይ ሳይሆን ቤቱ፣ ጫማውን እያሰረ። በማግስቱ ተቀበረ፤ እንደ እምነቱ ቀብር ስለማይዘገይ አብዛኞቻችን ቀብሩ ላይ አልደረስንም። ለቅሶ የተቀመጡት ጋራዣቸው ውስጥ ነው። መኪናውን አውጥተው ምንጣፍ አንጥፈው ወንበር ደርድረዋል፤ በአንድ በኩል ቁርኣን ይቀራል፣ በሌላ በኩል የእኛ ቡድን ልጆች በማሊያ ተቀምጠናል። ማሊያ ልበሱ ያለን የለም፤ ሁላችንም ለብሰን መጣን። ያን ቀን ድግሱ ላይ ስሙን ያጠፉት ሰዎችም መጡ። ደግ ሰው ነበር ይላሉ። አቀርቅሬ ጥፍሬን ነከስኩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ታዩ። ቤቲ ከኋላቸው ብሌዘሯን እንደለበሰች፣ ትንሽ እያነከሰች። እትዬ ብርቄ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈዋል። ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ አንድ ጆሮው ጎበጥ ያለ ያ የጋሽ ሙሜ ድስት ነው። ከድግሱ ቀን ጀምሮ እሳቸው ቤት ነበር። ቤቲ ኋላ እንደነገረችኝ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅለውት ነበር፤ ሊጥሉት አልቻሉም፣ ሊመልሱትም አልሆነላቸውም። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ በቁጣ የመጣ ድስት ውስጥ ደግሞ ምን ጨምረው ይመልሱታል?

እትዬ ፈቲያ ፊት ዝቅ ብለው ድስቱን አስቀመጡና ጨርቁን ፈቱ። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ። እንፋሎቱ ገና እየወጣ ነው።

"ዕቃችሁን አቆየሁባችሁ" አሉ። "ባዶውን እንዳልመልሰው ነው።"

እትዬ ፈቲያ ድስቱን አዩ፣ እትዬ ብርቄን አዩ፣ ከዚያ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጋራዡ በሙሉ አለቀሰ። ንፍሮ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚበላው ነገር ስለሆነ በእፍኝ በእፍኝ ለሁላችን ታደለ። የእትዬ ብርቄ ሽምብራ በስሎ ነበር።

ከዚያ እትዬ ብርቄ ወደ እኛ መጡ። እኔ በር አጠገብ ስለነበርኩ ፊቴ ላይ ቆሙ። ኩሩ ሴት ናቸው፤ ለመናገር ሲቸግራቸው ይታያል። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠመዘዙ፣ "ሶሊ፣ ቦታዋ አለ ወይ?" አሉኝ።

ቤቲ መሬት መሬት ታያለች። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ አዲሷ በረኛችን ከኋላዬ፣ "ኳሱ አጥር እየመታ ነው እትዬ፣ አጥሩ ሊወድቅ ነው" አለች። እትዬ ብርቄ አልገባቸውም። ቤቲ ግን ቀና አለች፤ እኔ የልምምዱን እብደት በስልክ አውርቼላት ነበር። አፏን በእጇ ሸፈነች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለይቼ አላወቅኩም፤ ለቅሶ ቤት ስለነበርን አልጠየቅኋትም።

ሰው ግን አያርፍም። ያንን የመሰለ ትምህርት ቤት ትታ፣ አብዳለች አሉ። እትዬ ብርቄን አሁን ደግሞ በልጃቸው ዕድል ላይ ፈረዱ ይሏቸዋል፤ ስትሄድ እልል ያሉት ራሳቸው። ልንገራችሁ። ቤቲ የእኛ ትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ከእኔ ፊት ነው የምትቀመጠው፤ አንደኛ ናት፤ እዚያም አንደኛ ነበረች፤ ሒሳብ ወንዝ አይሻገርም። እሷን ወደ ተጠባባቂ ወንበር የወሰዷት እግሯን ብለው ነው፤ እግሯ ሲታመም ስሟን እንኳን በትክክል አይጠሩትም ነበር። እኛ ባዶ ሣር ላይ ስናቀብላት ነው የከረምነው። የትኛው ነው ዕድል?

አሁን ወደ ዜናዬ ልመለስ፤ ደስታዬን ጨርሼ አልነገርኳችሁም። የፊታችን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሜድስቶን፣ ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ነው ጨዋታው። የምንገጥመው እነዚያኑ ነው፤ ባሱ በጠዋት ልጅ ሊወስድ ሳይሆን በከሰዓት ሊጫወት ይመጣል፤ በጋሽ ሙሜ መሻገሪያ በኩል። ጉድጓዶቹን ሞልተን ጨርሰናል። አሥራ አንዳችንም የዚህ ሰፈር ልጆች ነን፤ ይህንን ስትሰሙ ለዚህ ሰፈር የምትሉ ካላችሁ እቤታችሁ ቆዩ።

ሌሎቻችሁ ኑ። ሺፍት ያላችሁ ቀይሩ። ለስኮላርሺፕ ድግስ ከዳንደኖንግ የመጣችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ። የገበያ ማዕከሉ ጋ ከትራም ወርዳችሁ ብርቱካናማዎቹን ባንዲራዎች ተከተሉ፤ የሚያሻግራችሁ ሰው ፈገግ ይላል፣ አትደንግጡ። እትዬ ብርቄ ያን ቀን ሥራ አይገቡም፤ ለዕረፍት ሰዓት በዚያ ድስት ንፍሮ ይዘው ይመጣሉ፤ የለቅሶ አይደለም፣ ብሉ። መቆሚያ ካጣችሁ በግራ በኩል፣ አጥሩን ተደግፋችሁ ቁሙ። ኳሱ ይመታናል ብላችሁ አትፍሩ። ከእንግዲህ እዚያ አይደርስም።